ውሳኔው የቆመው በየትኛው ፍርድ ላይ ነው? የባለብዙ መስፈርት ውሳኔን ስሱነት ደረጃ በደረጃ መፈተሻ መመሪያ

ብዙ መስፈርቶችን አመዛዝኖ ከቀረቡለት አማራጮች አንዱን የመረጠ ኮሚቴ በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው፤ 0.381 ከ0.340 ይበልጣልና የመጀመሪያው ይመረጥ ይባላል። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ግን ከሚዛን ወይም ከሜትር ሳይሆን «ጥንካሬ ከዋጋ ጥቂት ይበልጣል» ከሚል የሰው ፍርድ ነው። ያንኑ ፍርድ የሰጠው ሰው በሌላ ቀን ሌላ መረጃ ቀርቦለት «ሁለቱ እኩል ናቸው» ቢል ማንም አይደነቅበትም። የስሱነት ፈተሻ፣ በተለመደው አጠራር ሴንሲቲቪቲ አናሊሲስ፣ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ፍርዱ በዚህ መጠን ቢለወጥ ምርጫው አብሮ ይለወጣል ወይ?

ብዙ ጊዜ ይህ ፈተሻ የሚሠራው ውሳኔው የማይናወጥ መሆኑን ለማሳየት፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በእኔ እምነት ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ከብዙ ፍርዶች መካከል ውሳኔውን ተሸክሞ የቆመውን ለይቶ ማውጣት፣ የቀረውን ጊዜና የመረጃ ፍለጋም ወደዚያው ማዞር ነው። ስለዚህ ፈተሻው መሠራት ያለበት ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት፣ ተጨማሪ መረጃ ለማምጣት ገና ጊዜ ሳለ ነው።

ለማሳያ አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። ሦስት የውኃ ፓምፖች፣ ሀ፣ ለ እና ሐ፣ በአራት መስፈርቶች ይወዳደራሉ፤ መስፈርቶቹ ጥንካሬ፣ ዋጋ፣ ለጥገና አመቺነት እና የኃይል ቁጠባ ናቸው። የምንጠቀመው ዘዴ የሒሳብ ሊቁ ቶማስ ሳቲ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1970ዎቹ ያዳበረው አናሊቲክ ሃይራርኪ ፕሮሰስ፣ በአጭሩ ኤ.ኤች.ፒ. ነው። በዚህ ዘዴ መስፈርቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ከ1 እስከ 9 ባለው ሚዛን ይነጻጸራሉ፤ 1 እኩልነትን፣ 3 መጠነኛ ብልጫን፣ 5 ጠንካራ ብልጫን፣ 9 ደግሞ የመጨረሻውን ብልጫ ያመለክታል። ክብደቶችን በቀጥታ የሚሰጥ ቀላል የነጥብ አሰጣጥ የሚጠቀም ሰውም ከአራተኛው እርምጃ ጀምሮ ያለውን፣ በስድስተኛው ላይ በንጽጽሮቹ ፈንታ ክብደቶቹን እያንቀሳቀሰ፣ ሊሠራበት ይችላል።

እርምጃ 1፦ መነሻውን ስሌት ማስፈርና መቆለፍ

ማንኛውንም ነገር ከመነካካት በፊት መነሻው ስሌት በአንድ የኤክሴል ገጽ ላይ ተጽፎ ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ ሙከራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሠራል። በምሳሌያችን የተሰጡት ስድስት ፍርዶች እነዚህ ናቸው፦ ጥንካሬ ከዋጋ 2፣ ጥንካሬ ከጥገና 3፣ ጥንካሬ ከኃይል 4፣ ዋጋ ከጥገና 2፣ ዋጋ ከኃይል 3፣ ጥገና ከኃይል 2። በተቃራኒው አቅጣጫ ያሉት ሴሎች ግልባጮቻቸው ናቸው፤ ጥንካሬ ከዋጋ 2 ከሆነ ዋጋ ከጥንካሬ 1/2 ይሆናል ማለት ነው።

ክብደቶቹን በጂኦሜትሪያዊ አማካይ ማውጣት ቀላል ነው። በአንድ ረድፍ ያሉት አራት ቁጥሮች ይባዛሉ፤ ከብዜቱ ስኩዌር ሩት ይወጣል፤ ከተገኘው ውጤት ደግሞ እንደገና ስኩዌር ሩት ይወጣል። የጥንካሬ ረድፍ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ስለሆነ ብዜቱ 24፣ የመጨረሻው ውጤት 2.213 ነው። በዚሁ መንገድ ዋጋ 1.316፣ ጥገና 0.760፣ ኃይል 0.452 ያገኛሉ፤ እያንዳንዳቸው ለድምሩ፣ ለ4.741፣ ሲካፈሉ ክብደቶቹ 0.467፣ 0.278፣ 0.160 እና 0.095 ይሆናሉ።

ፓምፖቹ በየመስፈርቱ ያገኙት ነጥብ፣ የየዓምዱ ድምር 1 እንዲሆን ተደርጎ፣ የሚከተለው ነው።

| ፓምፕ | ጥንካሬ | ዋጋ | ጥገና | ኃይል |
|---|---|---|---|---|
| ሀ | 0.55 | 0.20 | 0.25 | 0.30 |
| ለ | 0.25 | 0.50 | 0.35 | 0.30 |
| ሐ | 0.20 | 0.30 | 0.40 | 0.40 |

እያንዳንዱ ነጥብ በመስፈርቱ ክብደት ተባዝቶ ሲደመር ሀ 0.381፣ ለ 0.340፣ ሐ 0.279 ያገኛሉ። ሀ ለን የሚበልጠው በ0.041 ነው። ከዚህ በኋላ ዓይናችን የሚከታተለው ይህን ብልጫ ነው።

እዚህ ላይ የወጥነት ምጣኔውም፣ ማለትም ፍርዶቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር፣ ይሰላል። እያንዳንዱ ረድፍ በክብደቶቹ ተባዝቶ ይደመርና ለራሱ ክብደት ይካፈላል፤ የአራቱ ውጤቶች አማካይ 4.031 ነው። ከዚህ ላይ የመስፈርቶቹ ብዛት 4 ተቀንሶ ቀሪው ለ3 ይካፈላል፤ የተገኘው ደግሞ ለአራት መስፈርቶች በተወሰነው 0.90 ተካፍሎ 0.011 ገደማ ይሰጣል። የተለመደው ጣሪያ 0.10 ስለሆነ ፍርዶቹ እርስ በርስ አይጋጩም ማለት ነው። ይህ ቁጥር የሚናገረው ግን ስለ ፍርዶቹ መስማማት ብቻ ነው፤ ውሳኔው ስለ መጽናቱ ምንም አይልም። ይህን ልዩነት በሦስተኛው እርምጃ ላይ በቁጥር እናየዋለን።

እርምጃ 2፦ እያንዳንዱ ፍርድ እስከ የት ሊንቀሳቀስ እንደሚችል አስቀድሞ መጻፍ

ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን እርሱ ነው። እያንዳንዱ ፍርድ ከተሰጠው ቁጥር ወደ ላይና ወደ ታች በቅን ልቦና ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል፣ ከምክንያቱ ጋር፣ የፈተሻው ውጤት ሳይታይ በፊት መጻፍ አለበት። ውጤቱን ካየ በኋላ ወሰን የሚያበጅ ሰው፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ የወደደውን ምርጫ የማይነካ ወሰን ያበጃል።

ወሰኑን ለመወሰን የሚረዳው ፍርዱ ከምን እንደተነሣ መጠየቅ ነው። የፓምፖቹ ዋጋ ከቀረበ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ የተወሰደ፣ የኃይል ፍጆታቸውም በመለኪያ የተገኘ ከሆነ ነጥቦቻቸው ብዙ የሚንቀሳቀሱበት ምክንያት የለም። ጥንካሬ ግን በዓመታት ውስጥ የሚታይ ነገር ነው፤ ነጥቡ የተሰጠው በባለሙያ ግምት ከሆነ ሰፊ ወሰን ይገባዋል። የመስፈርቶች ንጽጽርም፣ ጥንካሬ ይበልጣል ወይስ ዋጋ የሚለው፣ ከየትኛውም ሰነድ የማይገለበጥ የሰው ምርጫ ስለሆነ ቢያንስ አንድ እርከን ወደ ላይና አንድ እርከን ወደ ታች ሊፈቀድለት ይገባል፤ አንድ እርከን ማለት በሚዛኑ ላይ አንድ ቁጥር ነው፤ ከ1 በታች የሚቀጥለው 1/2 ነው። ሁሉንም በጅምላ በ10 በመቶ ከፍ ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በሰነድ የተረጋገጠውንና በግምት የተነገረውን እኩል ያደርጋል፤ ስለዚህ አልመክረውም።

እርምጃ 3፦ አንድ ፍርድ ብቻ እያንቀሳቀሱ ማየት

አሁን ቅጂውን ገጽ ይክፈቱና ከስድስቱ ፍርዶች አንዱን ብቻ፣ መሪውን አማራጭ በሚጎዳው አቅጣጫ፣ አንድ እርከን ያንቀሳቅሱ። ግልባጩን ሴል አብሮ መለወጥ እንዳይረሳ። ብልጫውን ይመዝግቡ፤ ፍርዱን ወደ ቦታው ይመልሱ፤ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

«ጥንካሬ ከዋጋ» የሚለውን ከ2 ወደ 1 እናውርድ። የጥንካሬ ረድፍ ብዜት ከ24 ወደ 12 ይወርዳል፤ የዋጋ ረድፍ ብዜት ከ3 ወደ 6 ይወጣል። አዲሶቹ ክብደቶች 0.401፣ 0.337፣ 0.164 እና 0.097 ይሆናሉ። ሀ 0.358፣ ለ 0.356 ያገኛሉ፤ ማለትም 0.041 የነበረው ብልጫ 0.003 ብቻ ሆኗል። ፍርዱ አንድ እርከን ጨምሮ ወደ 1/2 ቢወርድ፣ ማለትም ዋጋ ከጥንካሬ ጥቂት ይበልጣል ቢባል፣ ለ 0.372፣ ሀ 0.336 ሆነው ምርጫው ይገለበጣል።

የቀሩት አምስት ፍርዶች እያንዳንዳቸው ሀን በሚጎዳው አቅጣጫ አንድ እርከን ሲንቀሳቀሱ የሚያደርሱት ጉዳት ይህን አይስተካከልም። «ጥንካሬ ከጥገና» ከ3 ወደ 2 ሲወርድ ብልጫው 0.026 ይሆናል፤ በሌሎቹ በአራቱ ከ0.031 በታች አይወርድም። ስለዚህ ከስድስት ፍርዶች መካከል ውሳኔውን የተሸከመው አንዱ ነው፤ ይህን ያወቅነው ደግሞ ስድስት ጊዜ ብቻ በማስላት ነው።

አሁን ወደ ወጥነት ምጣኔው እንመለስ። «ጥንካሬ ከዋጋ» 2 በሆነበት ስሌት 0.011 ገደማ ነበር፤ 1 በሆነበት ስሌትም ያው 0.011 ገደማ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥንካሬ ጥገናን 3 እጥፍ፣ ዋጋ ደግሞ ጥገናን 2 እጥፍ ከበለጠ፣ ጥንካሬ ዋጋን 1.5 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው፤ 1 እና 2 ደግሞ በዚህ ቁጥር ግራና ቀኝ ያሉ ናቸው። ሁለቱም ፍርዶች ከሌሎቹ ጋር እኩል ይስማማሉ። አንደኛው ሀን በግልጽ ያስቀድማል፤ ሌላው ሀን እና ለን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። የወጥነት ምጣኔው ዝቅተኛ ስለሆነ ውሳኔው አስተማማኝ ነው የሚል ሪፖርት ያነበበ ሰው ይህን ምሳሌ ቢያስታውስ መልካም ነው።

እርምጃ 4፦ የመገልበጫ ነጥቡን ማስላት

ሦስተኛው እርምጃ በእርከን ይሄዳል፤ ይህኛው ግን የአንድ መስፈርት ክብደት በትክክል ስንት ላይ ሲደርስ ቀዳሚው እንደሚለወጥ ይናገራል። የአንዱ መስፈርት ክብደት ሲለወጥ የሌሎቹ ክብደት እርስ በርስ ያላቸውን ምጣኔ እንደጠበቀ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ድምሩ ምንጊዜም 1 መሆን አለበትና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በየመስፈርቱ ሀ ለን የሚበልጥበት ነጥብ ይጻፋል፤ በጥንካሬ 0.30፣ በዋጋ ከዜሮ በታች 0.30፣ በጥገና ከዜሮ በታች 0.10፣ በኃይል ዜሮ። ቀጥሎ ከጠቅላላው ብልጫ ላይ የሚፈተነው መስፈርት ድርሻ ይቀነሳል። ለጥንካሬ ድርሻው 0.467 ሲባዛ በ0.30፣ ማለትም 0.140 ስለሆነ፣ ከ0.041 ላይ ሲቀነስ ከዜሮ በታች 0.099 ይቀራል። ይህ ለቀሩት መስፈርቶች የክብደት ድምር፣ ለ0.533፣ ሲካፈል ከዜሮ በታች 0.186 ይሆናል፤ ትርጉሙም ጥንካሬ ጨርሶ ባይቆጠር ለ ሀን በ0.186 ይበልጠው ነበር ማለት ነው። የመገልበጫው ነጥብ 0.186 ለ0.186 እና 0.30 ድምር ሲካፈል የሚገኘው 0.383 ነው። የጥንካሬ ክብደት ከ0.467 ወደ 0.383 ከወረደ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ በታች ለ ይመራል።

በተመሳሳይ ስሌት የዋጋ መገልበጫ 0.364 ነው፤ አሁን ያለው 0.278 ነው። የጥገና ክብደት ከ0.160 ተነሥቶ 0.403 እስኪደርስ ድረስ ሀ ይመራል። የኃይል ቁጠባ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፤ በዚህ መስፈርት ሀ እና ለ እኩል ነጥብ ስላላቸው ክብደቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን በሁለቱ መካከል ቅደም ተከተሉን አይለውጥም። ለውጥ የሚመጣው በሦስተኛው በኩል ነው፤ የኃይል ክብደት ከ0.552 ካለፈ ሐ ቀዳሚ ይሆናል። ስለዚህ ፈተሻውን በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ብቻ ሠርቶ ማቆም ስህተት ነው፤ ከመሪው ጋር እያንዳንዱ አማራጭ መነጻጸር አለበት።

ርቀቶቹን በሁለት መንገድ መጻፍ ይጠቅማል። የጥንካሬ ክብደት 0.084 ሲቀንስ ይገለበጣል፤ ይህ ከራሱ 18 በመቶ ነው። የዋጋ ክብደት 0.086 ሲጨምር ይገለበጣል፤ ይህ ደግሞ ከራሱ 31 በመቶ ነው። ሁለቱ በፍጹም መጠን ተቀራራቢ ሆነው በመቶኛ ይለያያሉ፤ የትኛውን ቁጥር እንደተጠቀሙ ሳይገልጹ «በጣም ስሱው መስፈርት ይህ ነው» ማለት አንባቢን ያሳስታል።

እርምጃ 5፦ የአማራጮቹን ነጥብ መፈተሽ

ብዙ ፈተሻዎች ክብደቶችን ብቻ አነቃንቀው ያበቃሉ፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ያሉት ነጥቦች ግን እነርሱም ፍርዶች ናቸው። ፓምፕ ሀ በጥንካሬ 0.55 ማግኘቱ ለምሳሌ የግምት ውጤት ነው እንበል። ይህ ነጥብ ሲቀንስ የተቀነሰው ለለ እና ለሐ እንደየምጣኔያቸው ይከፋፈላል። ስሌቱ ሲሠራ ሀ ከ0.55 ወደ 0.494፣ ለ ከ0.25 ወደ 0.281 ሲደርሱ ብልጫው ዜሮ ይሆናል።

በሰው ቋንቋ ሲነገር፣ መነሻው ስሌት ሀ በጥንካሬ ከለ 2.2 እጥፍ ይሻላል ይላል፤ ይህ ወደ 1.76 እጥፍ ቢወርድ ምርጫው ይለወጣል። ሁለት ፓምፖችን አይቶ አንዱ ከሌላው 2.2 እጥፍ እንጂ 1.76 እጥፍ አይጠነክርም ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ባለሙያ ለማግኘት ይከብዳል። ነጥቡ በመቶኛ ሲታይ የተንቀሳቀሰው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የጥንካሬ ክብደት ግን 18 በመቶ መንቀሳቀስ ነበረበት። በዚህ ምሳሌ ከክብደቶቹ ሁሉ ይልቅ የሠንጠረዡ አንድ ሴል ይበልጥ ስሱ ሆኖ ተገኝቷል፤ ክብደት ላይ ብቻ የቆመ ፈተሻ ግን ይህን አያሳይም ነበር።

እርምጃ 6፦ ፍርዶችን በአንድ ላይ ማንቀሳቀስ

ፍርዶች አንድ በአንድ ሲንቀሳቀሱ የማይገለበጥ ምርጫ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አብረው ሲንቀሳቀሱ ሊገለበጥ ይችላል። መስፈርቶቹ ብዙ ሲሆኑ ኮምፒውተሩ በተጻፉት ወሰኖች ውስጥ የዘፈቀደ ቁጥር እየመረጠ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎች እንዲሠራ ይደረጋል። መስፈርቶቹ አራት ከሆኑ ግን ዘፈቀደ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ፍርድ ሦስት ቁጥሮች፣ አንድ እርከን ዝቅ፣ እንደነበረ እና አንድ እርከን ከፍ፣ ቢሰጠው ስድስቱ ፍርዶች 729 ጥምረቶች ይፈጥራሉ፤ ሁሉንም በአንድ የኤክሴል ገጽ፣ ለእያንዳንዱ ጥምረት አንድ ረድፍ ሰጥቶ ማስላት ይቻላል።

ለምሳሌያችን ሲሠራ ሀ በ628፣ ለ በ101 ጥምረቶች ይቀድማሉ፤ ሐ በአንዱም አይቀድምም። «ሀ በ86 በመቶ ያሸንፋል» ብሎ እዚህ ላይ ማቆም ግን ከሁሉ የሚጠቅመውን ነገር ጥሎ መሄድ ነው። ለ ያሸነፈባቸው 101 ረድፎች ተለይተው ሲታዩ ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ «ጥንካሬ ከዋጋ» 1 የሆነባቸው ናቸው። ያ ፍርድ 2 ወይም 3 በሆነባቸው 486 ጥምረቶች ሌሎቹ አምስት ፍርዶች የትም ቢሄዱ ሀ ይቀድማል። ፍርዱ 1 በሆነባቸው 243 ጥምረቶች ግን 142 ለሀ፣ 101 ለለ ይወጣሉ፤ ይህ የተረጋጋ ምርጫ አይባልም። ቆጠራው የተሠራው የእያንዳንዱ ጥምረት የወጥነት ምጣኔ ሳይጣራ ነው፤ ጥብቅ ሥራ የሚፈልግ ሰው ከ0.10 በላይ የሆኑትን አውጥቶ የቀሩትን እንደገና ይቁጠር።

መቶኛውም ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ሁሉም ጥምረቶች እኩል ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው በሚል ላይ የተመሠረተ እንጂ ሀ ትክክለኛ ምርጫ የመሆን ዕድሉ 86 በመቶ ነው ማለት አይደለም።

እርምጃ 7፦ ከፍርዶቹ ውጭ ያለውን መነካካት

የአማራጮቹ ዝርዝርና የማጠቃለያ ስልቱም ውጤቱን ሊለውጡ ይችላሉ። ተመራማሪዎቹ ቤልተን እና ጊር በ1983 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በኤ.ኤች.ፒ. አንድ አማራጭ ሲጨመር የነባሮቹ ቅደም ተከተል ሊገለበጥ ይችላል፤ ምክንያቱም የየዓምዱ ድምር 1 እንዲሆን ሲደረግ አዲሱ አማራጭ የሌሎቹን ነጥብ በየመስፈርቱ በተለያየ መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ የመጨረሻውን አማራጭ አውጥተው እንደገና ያስሉ፤ በምሳሌያችን ሐ ሲወጣ ሀ 0.515፣ ለ 0.485 ሆነው ቅደም ተከተላቸው ይጸናል። ሁለተኛው ሙከራ በየዓምዱ ያለውን ነጥብ ለድምሩ ሳይሆን ለትልቁ ነጥብ ማካፈል ነው፤ በዚህም ሀ 0.750፣ ለ 0.702፣ ሐ 0.592 አግኝተው ሀ ይቀድማል።

ፍርዱን የሰጡት ብዙ ሰዎች ከሆኑ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የተለመደው አሠራር የሰዎቹን ፍርዶች በጂኦሜትሪያዊ አማካይ ማዋሐድ ነው፤ ነገር ግን አንዱ 3፣ ሌላው 1/3 ቢል አማካዩ 1 ይሆናል፤ ሁለቱም እኩል ናቸው ብለው እንደተስማሙ ሰዎች ይመስላሉ። በተለይ ውሳኔውን ለተሸከመው ፍርድ የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ለየብቻ ገብቶ ምርጫው መታየት አለበት።

እርምጃ 8፦ ውጤቱን መጻፍ

ሪፖርቱ ግራፍ ቢኖረውም ባይኖረውም ሦስት ነገሮችን በግልጽ ዓረፍተ ነገር መያዝ አለበት፤ ምርጫው በምን ወሰን ውስጥ እንደሚጸና፣ የትኛው ፍርድ ሲለወጥ እንደሚገለበጥ፣ እና ያ ፍርድ በምን ማስረጃ እንደተሰጠ። ለምሳሌያችን እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ፓምፕ ሀ ተመርጧል። ምርጫው ጥንካሬ ከዋጋ ጥቂትም ቢሆን ይበልጣል እስከተባለ ድረስ፣ የቀሩት የመስፈርት ንጽጽሮች አንድ እርከን ቢንቀሳቀሱም አይለወጥም። ሁለቱ እኩል ናቸው ከተባለ ሀ እና ለ አይለያዩም። የፓምፕ ሀ ጥንካሬ ከፓምፕ ለ 1.76 እጥፍ በታች መሆኑ ከተረጋገጠ ፓምፕ ለ ይመረጣል፤ አሁን የተያዘው 2.2 እጥፍ የሚለው ቁጥር የባለሙያ ግምት ነው።»

እንዲህ ያለ ጽሑፍ የቀረበለት ኮሚቴ ሥራውን ከየት እንደሚቀጥል አያጣም። በኃይል ቁጠባ ክብደት ላይ የሚደረገው ክርክር እዚያው ይቆማል። ሁለቱን ፓምፖች ለዓመታት ያሠሩ ሰዎች ይፈለጋሉ፤ የጥገና መዝገቦቻቸው ይመረመራሉ፤ ከየስንት ሰዓት ሥራ በኋላ እንደተበላሹ ይቆጠራል። ከዚያም በጥንካሬ ዓምድ ያሉት ሦስት ቁጥሮች በተገኘው ማስረጃ ተተክተው ስሌቱ ከእርምጃ 1 ጀምሮ እንደገና ይሠራል።